የነዳፊው ደጋን

የአርብ ገበያ መንገደኛ ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ መምህር ላቀው እንየው ብቻውን ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ገብስና ባቄላ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ፤ ከአህዮቹ ኋላ ዱላቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ ገበሬዎች፣ ከገበሬዎቹ ኋላ ዶሮ ያቀፉ ሴቶች። ላቀው አንዱን ጭነት ሲሸሽ ከሌላው እየተላተመ፣ ይቅርታ የማይገባትን አህያ ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ያልፋል።

«ጌታው፣ ገበያው እኮ ወዲህ ነው!» አለው አንድ ቀልደኛ ገበሬ።

«የእኔ ገበያ ወዲያ ነው!»

«ወዲያማ የዜማው ደብር ቤተ ልሔም ነው። ድጓ ሊሸምቱ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ፤ ላቀውም አብሮ ሳቀ። ሰሞኑን የማያስቀው ነገር የለም። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ ዳገት ባየ ቁጥር ይጮህበታል፤ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር አርብ ገበያ ድረስ አውቶቡስ ሲያንገላታው ነው የሰነበተው። ዛሬ ግን ጉልበቱም ዝም ብሏል። በብብቱ የያዘው አዲስ ጋቢ ለብርድ አይደለም። የሚያገኘውን ነገር እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ሊወስድበት ነው።

የሚያገኘው ነገር ቀስት ነው። የአያቱ የባላምባራስ እሱባለው ቀስት።

ከሦስት ሳምንት በፊት መልካሙ የሚባል የድሮ ተማሪው በስልክ አንድ ፎቶ ላከለት። ላቀው ሠላሳ ስድስት ዓመት ታሪክ ባስተማረበት ትምህርት ቤት መልካሙ የቅርስ ክፍል እያደራጀ ነው። ለንግሥ ቤተ ልሔም ሄዶ አንዲት መነኩሲት ቤት ውሃ ሊጠጣ ቢገባ፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ጅማቱ የተወጠረ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የለንቋጣ እንጨት ቀስት ተሰቅሎ አየ። የማን እንደሆነ ሲጠይቅ መነኩሲቷ፣ እማሆይ አመተ ማርያም፣ «የባላምባራስ እሱባለው የነዳፊው ነው። ለዘሩ እንጂ ለሌላ አልሰጥም፤ ዘሩ ራሱ ይምጣ» አሉት። ላቀው ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን ዘለለ ብንል ጉልበቱ ይታዘበናል፤ ግን ወንበሩን ገልብጦታል።

ነዳፊው! ይህ ስም በላቀው ቤት እንደ ርስት ነበር። አባቱ ግራዝማች እንየው እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ባላምባራስ ሲሞቱ አልቃሿ ያወረደችውን ግጥም ይደግሙ ነበር፦

ጌታዬ ነዳፊው ደጋኑን ሲመታ፣
ነጭ ለብሶ ተኛ አገሩ በማታ።

«ነጭ ለብሶ መተኛት ምንድን ነው?» ይሉና እንግዳው ሳይመልስ ራሳቸው ይመልሳሉ። «ከፈን ነዋ! ሰሙ ልብስ፣ ወርቁ ሞት! አባቴ ቀስቱን ሲያስጮኸው ውሎ ጠላት ሁሉ በማታው ተገንዞ አደረ ማለት ነው።» ላቀው ተምሮ ሲመለስ ደግሞ የአባቱን ወሬ በግዕዝ አጸናው። ነደፈ ማለት በፍላጻ ወጋ ማለት ነው፤ ነዳፊ እንግዲህ ቀስተኛ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የቤተሰቡን ታሪክ በሦስት ወፍራም ደብተር ጽፏል። በጦርና በጠመንጃ እንጂ በቀስት በማይታወቅ አገር ቀስተኛ ከየት መጣ የሚለው ሰው ግን አልጠፋም፤ ማስረጃ አምጣ ሲሉት የላቀው አፍ ይያዛል። ዛሬ ማስረጃው በእጁ ሊገባ ነው። ከዚያ በኋላ ማን አፉን እንደሚይዝ እናያለን ይላል በልቡ።

አፋፉ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ። ገደሉ ማዶ የስማዳ ተራራዎች በኅዳር ጠራራ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ወደዚያ ባያይ ይሻለው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ላይ ለማስተማር የተመደበው ስማዳ ነበር፤ እዚያ አንድ ብርሃኔ የሚባል ሸማኔ ነበር፤ ብርሃኔ ደግሞ ዘርፌ የምትባል ልጅ ነበረችው። ላቀው አንድ ዓመት ሙሉ የማያስፈልገውን ነጠላ ሲያሠራ ከረመ። ሊያገባት መፈለጉን ለአባቱ ሲነግር ግራዝማች ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና «የነዳፊው ዘር ከሸማኔ፣ ከቁጢት በጣሽ ጋር አይቀላቀልም፤ ብትወስዳት ልጄ አይደለህም» አሉት። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሥራን መናቅ አገር ይገድላል ብሎ ያስተማረ ሰው፣ አባቱ ፊት አንገቱን ደፋ። ለጥምቀት ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ነበር። አልላከም። ዝውውር ጠይቆ መካነ ኢየሱስ ገባ፤ አባቱ የመረጡለትን አገባ፤ ደህና ሴት ነበረች፤ ከቀበራት አምስት ዓመቱ ነው። ከዘርፌ ጋር ያለፈው ግን በሦስቱም ደብተር ውስጥ የለም።

ፊቱን ከስማዳ መልሶ መንገዱን ቀጠለ።

ቤተ ልሔም ሲገባ ከጎጆዎቹ የቃል ትምህርት ይሰማ ነበር። አንድ መሪጌታ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው በመቋሚያቸው አንዲት የሣር ጎጆ አሳዩት። እማሆይ አመተ ማርያም ደጃቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው፣ ቢጫ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ጥጥ አለ፤ ፍሬውን ይለቅማሉ። ላቀው ጥጡን አላየውም። ዓይኑ በእማሆይ ትከሻ ላይ አልፎ፣ በተከፈተው በር ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ አረፈ። አለ! ከፎቶው ይበልጣል። የለንቋጣው እንጨት ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ፣ እጅ የዳሰሰው ቦታ ላይ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያበራል። 

«እንደምን አረፈዱ፣ እማሆይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጥምቀት አለፈ እኮ፣ ላቀው።»

መነኩሲቷ ቀን ተምታቶባቸው መሰለው፤ አስተማሪ ነውና አረማቸው። «ጥምቀትማ ገና ነው፣ እማሆይ። ገና ኅዳር ነን።»

«ያለፈውን ነው የምልህ። የሰባ ስድስቱን።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። ፊቷ ላይ አርባ ዓመት አልፏል፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ዓይኗ ግን የሸማኔው ደጅ ላይ የፈትል ድውር እያዞረች በጎን ታየው የነበረችው የዚያችው ልጅ ዓይን ነው። ከላቀው ብብት ጋቢው ወደቀ። ዘርፌ ናት።

«ተቀመጥ» አለችው። «ዳገቱ ጉልበት ይጎዳል።»

ተቀመጠ። ምን ይበል?  በመጨረሻ የወጣለት «እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም» የሚል ነበር፤ ሲናገረው ራሱ አፈረ።

«ብታውቅ አትመጣም ነበራ። ለዚህ ነው ለዚያ ፎቶ ላነሣው ልጅ የክርስትና ስሜን ብቻ የነገርኩት።» ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና ቀስቱን ከግድግዳው አውርዳ አመጣችለት። «እንካ። የመጣህበትን አስቀድም።»

እውነቱን እንናገር፤ ሰው ክፉ ፍጥረት ነው። እንዲያ ደንግጦ፣ እንዲያ አፍሮ ሳለ እንኳ እንጨቱ እጁ ላይ ሲያርፍ ደስታ ወረረው። ዳሰሰው፤ መዘነው፤ ጅማቱን በጣቱ ጠነቆለው፤ ድው አለ። ሳያስበው ብድግ አለ፤ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጆሮው ስቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ስማዳ አነጣጠረ። አባቱ ባዩት ኖሮ! መልካሙ ፎቶ ሊያነሣው የሚገባው እንዲህ ነበር።

ዘርፌ ሳቀች። የመነኩሲት ሳቅ ነው፤ በነጠላዋ የተሸፈነ። ግን ሳቀች።

«ፍላጻውን የት ላይ ልታሳርፈው ነው?»

ላቀው ወደ እጁ አየ። የፍላጻ ማረፊያ የለውም። ጅማቱ በፍላጻ ለመሳብ የላላ አይደለም፤ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ጅማቱ ከእንጨቱ ጋር በታሰረበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የቆየ ነጭ ነገር ተሰንቅሯል። በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣው። ጥጥ ነው።

«ይህ ቀስት አይደለም፣ ላቀው» አለች በቀስታ። «ደጋን ነው። የጥጥ መንደፊያ ደጋን፤ ከመፈተሉ በፊት ጥጡን የሚያፍታታ።»

«ግጥሙም እኮ ደጋን ነው የሚለው! ደጋንና ቀስት አንድ ነው፤ ግዕዙም ነደፈ ሲል…»

«ግዕዙን ተወው። በእጅህ ያለውን እየው።»

አየው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ያንተ አያት ይነድፉ፣ የእኔ አያት ይሸምኑ ነበር፤ በአንድ ጎጆ» አለች፤ እጇ ከጥጡ ላይ አልተነሣም። «አንድ ክረምት የአገሩ ገዢ የደጃዝማቹ ሠራዊት በብርድ ሊያልቅ ደረሰ። ሁለቱ ሰኔ ጀምረው መስከረም እስኪጠባ ሌት ተቀን ነድፈው፣ ሸምነው፣ ያን ሁሉ ሰው ጋቢ አለበሱት። አልቃሿ ያለችው ይህንኑ ነው። ነጭ ለብሶ ተኛ፤ ብርዱ ለቀቀውና እንቅልፍ ወሰደው። ሌላ ምን አለው? ደጃዝማቹ ምን ላድርግላችሁ ሲሉ ያንተ አያት ማዕረግና መሬት ለመኑ። የእኔ አያት ደግሞ ጥጥ አሉ፤ ቂል ነበሩ ይላሉ ቤተሰቦቼ። ባላምባራስ ደጋን ይዞ አይሄድምና ዕቃው እኛ ቤት ቀረ።»

እሱና አባቱ ስንት ዓመት ወርቅ ፍለጋ ሲቆፍሩ፣ ሰሙን ረግጠውት ሲያልፉ ነበር። ላቀው ይህን ሲያስብ ያመመው ደብተሩ አይደለም። ደብተር ይቀደዳል። ያመመው የአባቱ ዱላ መሬት ሲመታ የተሰማው ድምፅ ነው። አጥንቱም አጥንቷም እኩል ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ድምፅ ብቻ አንዲት ልጅ ደጅ ደጅ ስታይ ቀርታለች።

«ያኔ… ታውቂ ነበር?» አለ። አንቺ ማለቱን እሱም እሷም ሰሙት።

«አውቅ ነበር። አባቴ ለሽማግሌዎቹ ጠላ አስጠምቆ፣ ለእኔም ጥለት ያለው ቀሚስ ሸምኖ ነበር። ሦስት ቀን ደጅ አየን። በአራተኛው ጠላው እንዳይሆምጥ ለጎረቤት አጠጣነው። አባቴ ያን ዕለት ደጋኑን ከግድግዳው አወረደና፣ ይህን ይዤ እናንተ አገር እስቴ ወርጄ ለግራዝማች የማን ልጅ እንደሆኑ ልንገራቸው አለ። እግሩ ላይ ወድቄ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለ ላቀው። «አንድ ቃል ነበር እኮ! አንድ ቃል ብትናገሪ…»

«ትወስደኝ ነበር። አውቃለሁ።» ከጭኗ ላይ የጥጥ ፍሬ አንሥታ ጣለች። «እኔ የፈለግሁት የሸማኔ ልጅ መሆኔን አውቀህ እንድትወስደኝ ነው። የነዳፊ ልጅ መሆንህን አውቀህ እንድትወስደኝ አልነበረም።»

ላቀው አለቀሰ። በአባቱ ቀብር ያላለቀሰ፣ ሚስቱን ሲቀብር በወግ ብቻ ያለቀሰ ሰው፣ መሪጌታው ከጥላቸው ሥር እያዩት፣ በቀን ብርሃን፣ ንፍጡን በእጁ እየጠረገ አለቀሰ። ዘርፌ አላባበለችውም፤ አላቋረጠችውም።

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ካልኩህ ቆየሁ። በየዓመቱ ለጥምቀት ይቅር እልሃለሁ። አንተ ግን ልትወስደው አልመጣህም።»

«አሁን ለምን ጠራሽኝ?»

«የሰው ዕቃ ይዤ መሞት ስለማልፈልግ። ደግሞም ሥራ አለኝ።» ከበሩ ጀርባ አንድ ቅርጫት አወጣች። ውስጡ በልቃቂት የተጠቀለለ ፈትል ሞልቷል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ። «ከፈኔ ነው። የሸማኔ ልጅ በሰው ፈትል አትገነዝም። ይህ ጭኔ ላይ ያለው የመጨረሻው ጥጥ ነው፤ እጄ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ደጋን ለመምታት አልታዘዝ አለኝ። የነዳፊው ዘር አይደለህ? ንደፍልኝ፤ ከዚያ ዕቃህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ላቀው ቀስቱን ሊጠቀልልበት ያመጣውን አዲስ ጋቢ ሰሌኑ ላይ ዘረጋው። ጥጡን አፈሰሰችበት። ደጋኑን በግራ እጁ ይዞ ጅማቱን ጥጡ ላይ አሳርፎ መታው፤ ጥጡ ተጠቅልሎ ታሰረበት። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ታሰረ።

«አትደብድበው» አለች። «ጠላት አይደለም። ጅማቱ ጥጡን ሲነካ ወዲያው መልሰው፤ ከላይ ከላይ።»

የእጁን አንጓ ልታስተካክልለት እጇን ዘረጋች፤ ሊነካው አንድ ጣት ሲቀረው መልሳ በመቁጠሪያዋ ላይ አሳረፈችው። ላቀው ያየ እንዳይመስል አቀርቅሮ መታ። ድው አለ። ከጥጡ ላይ አንድ ስስ ነጭ ነገር ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ድው፣ ድው፣ ድው። ጥጡ እየፈታ፣ እየሰፋ፣ እየነጣ ሄደ። እጁ ከየት እንዳወቀው እንጃ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም ሳይነግረው ይሄድ ጀመር። ዘርፌ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። የልጅነቷ ቤት ድምፅ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አለና «ለሠርግሽ መንደፍ ነበረብኝ» አላት።

«ንደፍ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቀኑ መሸብህ።»

ስምንት ሰዓት ገደማ ጥጡ አለቀ። ንድፉን ሰብስባ ወደ ቅርጫቷ ከተተች፤ ለእሱ አንድ እፍኝ ቆሎና ውሃ ሰጠችው፤ እሷ ዓርብ ነውና ገና አልቀመሰችም። ደጋኑን በጋቢው ጠቅልላ ሰጠችው። «በመጽሐፍህ የወደድከውን ጻፍ። የሞተ ሰው መጥቶ አይከራከርህም።»

«እመለሳለሁ» አለ ላቀው። «ፈትሉ ሲያልቅ፣ ሸማኔ ቤት ስትሰጪው…»

«ቃል አትስጠኝ፣ ላቀው» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ጉልበቱ ተመልሶ መጮህ ጀምሯል። አርብ ገበያ ሲደርስ ገበያው ገና አልተፈታም፤ የበግ ደላላ፣ የእህል ሰፋሪ፣ የአህያ ጩኸት አንድ ላይ ተቀላቅሏል። ኔትወርኩም ተመለሰና ስልኩ ጮኸ። መልካሙ ነው።

«መምህር! አገኙት? ቀስቱን አገኙት?»

«አገኘሁት።»

«እልል! የሰሌዳውን ጽሑፍ ዛሬ ማስገባት አለብኝ። ‹የባላምባራስ እሱባለው፣ የጀግናው ቀስተኛ፣ የጦር ቀስት› ብዬ ልጻፍ?»

 ጋቢው በብብቱ አለ። አሁን አዎ ቢል የሚያውቅ የለም፤ አንዲት መነኩሲት ብቻ ነች፤ እሷ ደግሞ ከአርባ ዓመት በፊት ያልተናገረችውን ዛሬ አትናገርም። እንዲያውም አባቱ ደስ ይላቸዋል።

«መምህር? ሃሎ?»

«ቀስት አትበል። ደጋን በል። የጥጥ ደጋን።»

«የምን? ይቆራረጣል፣ መምህር!»

«የጥጥ!»

«የጦር?»

«የጥጥ!» አለ ላቀው፤ ጮኸ። «ጥጥ! አያቴ ጥጥ ነዳፊ ነበር! ሸማኔ ቤት ነበር የሚሠራው! እንደዚያ ብለህ ጻፍ!»

በዙሪያው ያለው ገበያ ዞር ብሎ አየው። የበጉ ደላላ አፉን ከፍቶ ቀረ። እዚያ የነደፈው ጥጥ ብናኝ አሁንም ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ነበር። መልካሙ አንድ ነገር ይላል፤ ላቀው ስልኩን ዘጋው። አንድ ቃል ነበረች፤ ይኸው ወጣች፤ የሰማይ ምሰሶም አልወደቀም። ከአርባ ዓመት በፊት በአባቱ ፊት ብትወጣስ ምን ይወድቅ ነበር?

ከአጠገቡ ከቆላ የመጣች አንዲት ጥጥ ሻጭ ከረጢቷን ከፈተች። የሰማችው «ጥጥ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ጥጥ ነው የፈለጉት፣ ጋሼ? ንጹሕ የቆላ ጥጥ አለኝ። ለሠርግ ነው?»

ላቀው እጁን ከረጢቱ ውስጥ አገባ። ጥጡ ለስላሳ ነው፤ ገና አልተነደፈም።

«ለሠርግ ነበር» አላት።